የመቅደላ ፊቶችና የቅሬው መዝገብ

የአገሬ ልጆች ያሉበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። አብዛኞቻችን መካነ ሰላምና ዙሪያዋ ተወልደን አሁን አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር፣ ዱባይ፣ አሜሪካ የተበተንን ነን። አንድ ማታ የአባላቱን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ሳወርድ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ብዙው ሰው የራሱን ፊት አላደረገም። በፊቱ ፋንታ ሹሩባ የተሠራ፣ ዓይኑ የሚቆጣ አንድ ሰው አለ፤ አጼ ቴዎድሮስ። አንዱ ጋ ከአንበሳ ጋር ተቀምጠዋል። ሌላው ጋ ከሴባስቶፖል አጠገብ ቆመዋል። አንዱ ደግሞ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አሠርቷቸው ክንዳቸው እንደ ፊልም አክተር አብጧል።

ያን ማታ ግሩፑ ውስጥ የገባሁት ለመርዶ ነበር። ልጅ ሆኜ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ አርፈዋል። ወሬው የደረሰን ከተቀበሩ ከቀናት በኋላ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለነበር ከዚያ የሚመጣ ነገር ሁሉ በሰው አፍ ነበር የሚመጣው። ወደ አዲስ አበባ የመጣ አንድ ልጅ ነው የነገረን። ወዲያው ግሩፑ በሻማ ኢሞጂ ተሞላ። «ነፍስ ይማር» ይላል አንድ ቴዎድሮስ። «ፈጣሪ ያጽናን» ይላል ሌላው ቴዎድሮስ። ቴዎድሮስ ቴዎድሮስን ሲያጽናና አመሸ።

እዚያው መካነ ሰላም ግን ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። ቅሬው ተጠርቶ፣ መቃብሩ ተቆፍሮ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ እህልና ውኃው ቀርቦ፣ ቤተሰቡ ብቻውን ሳያድር ሰንብቷል። ከቆፈሩት መካከል ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ነበሩ፤ በኛ አገር ይህ ለወሬ የሚበቃ ነገር አይደለም። አንድም ፎቶ አልተነሳም። ኢንተርኔትም አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ማታ የመጣ ነው። ጥያቄዬ «ኢንተርኔት አበላሸን» የሚል አይደለም፤ እንጀራዬ እሱ ነው፣ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ሰውን «እኔ እንዲህ ነኝ» የሚያሰኘው ምስሉ ነው ወይስ ከምስሉ ጀርባ ቆሞ የሚጠይቀው? መቅደላ ለዚህ ጥያቄ እንደ ላቦራቶሪ ነው። ከአንድ አምባ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሦስት ፊቶች ወጥተዋል፤ የንጉሡ፣ የልጁና የአንድ ሥዕል። የሦስቱም ዕጣ የተለያየ ነው።

ፊቱን ማን ሠራው?

ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሱት የታወቀ ፎቶግራፍ የለም። ዘመኑ ፎቶግራፍ ያልነበረበት ሆኖ አይደለም። የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር የመጣው፤ አምባውን፣ በሩን፣ ሰፈሩን አንስተውታል። ንጉሡ ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን ጠጥተው አልፈዋል። ከሞቱ በኋላ ፊታቸውን የነደፈው ሪቻርድ ሆምስ የሚባል ሰው ነው። ሆምስ ወታደር አልነበረም፤ ከጦሩ ጋር ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ባለሙያ ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ፣ ተመልሶ ይመጣል።

ሌሎቹ ምስሎች ከዚያ በፊት የአውሮፓ መንገደኞች የጻፉትንና የነደፉትን መነሻ አድርገው በአውሮፓ መጻሕፍትና ጋዜጦች የታተሙ ናቸው። ንጉሡ በአንበሶች መካከል የተቀመጡበት ሥዕልም ከዚያው ወገን ነው። እንግዲህ «የራሴ» ብለን የምንለጥፈው ፊት መጀመሪያ የተሠራው ለሌላ አገር አንባቢ ነው ማለት ነው። ይህ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ብዙ የራሳችን የምንለው ነገር ከሰው እጅ የመጣ ነው። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ምን አደረግንበት የሚለው ነው።

ብዙ አድርገንበታል። የዛሬውን ቴዎድሮስ የሠራው ሥነ ጽሑፋችን ነው ማለት ይቻላል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ብሎ በልቦለድ፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» ብሎ በልቦለድ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን እንደገና በተውኔት አመላልሰው ጽፈዋቸዋል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበምም በንጉሡ ስም የተሰየመ ዘፈን አለው።

የሁለቱን ልቦለዶች ርዕስ ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ ዕንባ ይላል፣ ሌላው እናት ይላል። ደራሲዎቹ ጀግናውን ሲጠሩት የጠሩት በዝምድናውና በሐዘኑ ነው፤ የሰው ልጅ ነው፣ ያለቅሳል። ይህ ቴዎድሮስ አንባቢውን ሥራ ያስይዘዋል። አዝንለት ወይስ ልፍረደው? ያሰበው ትክክል ሆኖ ያደረገው ስህተት ሊሆን ይችላል? እኚህን ሰው ለመውደድ ሁለት መቶ ገጽ አብሯቸው መሰንበት ያስፈልጋል።

ፕሮፋይል ፎቶው ላይ ግን ዕንባው ደርቋል፣ እናቱም የለችም። የቀረው ቁጣው ነው። በአውራ ጣት ጥፍር ልክ በሆነች ክብ ውስጥ ከቁጣ በላይ አይገባም። ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ጭምር ነው፤ ትንሽ ክብ የጠራ ቅርጽና ጎላ ያለ ስሜት ትፈልጋለች፣ ጥርጣሬ በዚያ መጠን አይታይም። ከልቦለዱ ወደ ክቡ ስንመጣ ያጣነው ገጸ ባሕርዩን ነው፤ የያዝነው ምልክቱን ብቻ ነው።

ክቡ ውስጥ ያልገባችው ሴት

እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ፊት ለጥፌ ነበር። ምህንድስና ተማሪ ነኝ፣ ከወሎ መጥቻለሁ፣ መቅደላ ደግሞ የኛው ደቡብ ወሎ አምባ ነው። የአገሬ ምልክት መሰለኝ። አንድ የዶርም ጓደኛዬ፣ እሱም የወሎ ልጅ፣ እያየኝ «ይሄ ሰውዬ ለወሎ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር።

መቅደላ ቴዎድሮስ ከወሎ ገዢዎች የያዙት አምባ ነው። በዚያ አምባ ላይ የወሎ መኳንንት ልጆች በመያዣነት ታስረው ነበር። በ1857 ዓ.ም. በዚያው ታስሮ ያደገው ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ ሸዋ ሲሄድ፣ ተቀብለው ያሳለፉት የወሎዋ ገዢ ወይዘሮ ወርቂቱ ናቸው። የወርቂቱ ልጅ በዚያ ጊዜ ቴዎድሮስ እጅ ነበር። ንጉሡ ወሬውን ሲሰሙ የወርቂቱን ልጅና ሌሎች የወሎ እስረኞችን አስገደሉ፤ ከገደሉ አፋፍ ተወረወሩ። በመጨረሻው ሳምንትም፣ ከእንግሊዞች ጋር ከመዋጋታቸው በፊት፣ ብዙ እስረኞች በዚያው አካባቢ በተመሳሳይ መንገድ አልቀዋል።

ይህን የምጽፈው ንጉሡን ከግድግዳ ለማውረድ አይደለም። የአገር አንድነት ሐሳባቸውም፣ የጋፋት መድፋቸውም፣ ሞታቸውም እውነት ነው። ግን ወርቂቱም እውነት ናቸው። አንዲት እናት ልጇ መያዣ ሆኖ ሳለ ሌላውን የሰው ልጅ አሳለፈች፤ የዋለችው ውለታ የራሷን ልጅ አስከፈላት። ለተውኔት ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? እስካሁን ግን ፊታቸውን የሚያሳይ ሥዕል አላጋጠመኝም፤ ግሩፓችን ውስጥ ወርቂቱን ፕሮፋይል ያደረገ ሰውም የለም። ምስል የሌለው ሰው በዲጂታል ባህላችን እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ፊት የሚሸፍነውን ግን አንዳንዴ የቦታ ስም ይይዘዋል። በኛ አካባቢ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ስሙ መቅደላ አምባ ነው። ግቢዎቹ ግን መካነ ሰላምና ቱሉ አውሊያ ናቸው። መካነ ሰላም ግዕዝ ነው፣ የሰላም ቦታ። ቱሉ ኦሮምኛ ነው፣ ኮረብታ፤ አውሊያ ዓረብኛ ነው፣ ቅዱሳን። አንድ ተማሪ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲሄድ ሦስት ቋንቋ ያቋርጣል። ወሎ ማለት ይህ ነው፤ አንድ ፊት አይበቃውም። ችግሩ ፕሮፋይል የሚቀበለው አንድ ፊት ብቻ መሆኑ ነው።

ያስማል የነበረው ሥዕል

አሁን ወደ ሆምስ እንመለስ። መቅደላ ሲወድቅ ሆምስ ለሙዚየሙ ብዙ ነገር ገዛ፣ ሰበሰበ። አንድ ነገር ግን ለራሱ አስቀረ፤ ኩርዓተ ርእሱን።

ኩርዓተ ርእሱ የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስ የሚያሳይ ሥዕል ነው። አሠራሩ የአውሮፓ ነው። ወደኛ ከመጣ በኋላ ግን የነገሥታቱ ሆነ። ጦር ሜዳ ይወጣል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዳግማዊ ኢያሱ ጊዜ ከሰናር ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ፣ በቤዛ ተመልሷል። አስቡት፤ ሥዕል እንደ ሰው ተማርኮ እንደ ሰው ቤዛ ተከፈለለት። መኳንንቱም ለንጉሥ ታማኝነታቸውን በፊቱ ይምሉ ነበር።

ዋናው ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። ኩርዓተ ርእሱም እንደ ቴዎድሮስ ፕሮፋይል በውጭ ሰው እጅ የተሣለ ፊት ነው፤ እሱም የማንነት ምልክት ነበር። ልዩነቱ ከጀርባው የቆመው ነው። በዚያ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው አንድ ቃል ይናገራል፤ ቃሉን ሲናገር የሰሙት አሉ፤ ቢያፈርስ የሚጠይቁት አሉ። ሥዕሉ ቤተ ክርስቲያን ነበረችው፣ ቤተ መንግሥት ነበረው፣ የመሐላ ሥርዓት ነበረው። ሰውን የሚያስረው የሥዕሉ ቀለም አይደለም፣ ይህ ሁሉ ነው። መሐላው ሁልጊዜ ይከበር ነበር ማለቴ አይደለም፤ የመኳንንቱ ታሪክ በፈረሰ መሐላ የተሞላ ነው። ግን የሚፈርስ ነገር ነበር። የኔ ፕሮፋይል ፎቶ ሊፈርስ የሚችል ምን ቃል አለው?

ተቋሙ ሥዕሉን እንዳልረሳው የሚያሳይ አንድ ማስረጃ አለ። አጼ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፉ ከመቅደላ ከተወሰደው ያ ሁሉ ሀብት ሁለት ነገር ነው የጠየቁት፤ ክብረ ነገሥትንና ኩርዓተ ርእሱን። ወርቁን ሳይሆን መጽሐፉንና ሥዕሉን። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን «አልተገኘም»፤ ሆምስ ዝም ብሎ ነበርና። ሆምስ ያን ጊዜ የዊንድዘር ቤተ መንግሥት የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ነበር። ሥዕሉ በኋላ በ1917 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ፤ ከዚያም በግለሰቦች እጅ ዞሮ ፖርቱጋል ገባ። ፎቶው ዛሬ ጉግል ላይ አለ፤ በሦስት ሰከንድ አውርጄዋለሁ። አይቼው ምንም አልማልኩም።

ልጁ

ሦስተኛው ፊት የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ልዑል ዓለማየሁ አባቱን በመቅደላ፣ እናቱን ጥሩወርቅን ከመቅደላ ሲወጡ በመንገድ ላይ አጣ። በ1860 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዝ ደርሶ፣ ዋይት ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ታዋቂ ፎቶ አንሺ አነሳችው። አጠገቡ ያሳደገው መኮንን ትሪስትራም ስፒዲ አለ፤ አገራችን «ባሻ ፈለቀ» ይሉት የነበረው። ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሷል። አስቡት፤ አገሩን የወረረው ጦር መኮንን የአገሩን ልብስ ለብሶ ከልጁ ጋር ለፎቶ ተቀመጠ።

ይህን ፎቶ በየዓመቱ የሆነ ቀን ሼር እናደርገዋለን። የልጁ ዓይን አንጀት ይበላል፤ ስር ያለው አስተያየትም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ውስጤን አመመኝ»። እኔንም ያመኛል። ግን ፎቶው የተሠራው እንዲያም ነው። ካሜሮን ፊት ላይ ሐዘን ማውጣት የምታውቅ ባለሙያ ነበረች፤ የምናየው የልጁን ሐዘን ብቻ ሳይሆን ሐዘኑ እንዴት እንደተቀረጸም ነው።

ዓለማየሁን ግን ፎቶው አይደለም የሠራው። የሠሩት ተቋማት ናቸው፤ ጦሩ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ የራግቢ ትምህርት ቤት፣ የሳንድኸርስት ወታደራዊ ኮሌጅ። እያንዳንዱ «አንተ ይህ ነህ» ብሎታል፤ የትኛውም ግን «የኛ ነህ» አላለውም። በ1872 ዓ.ም.፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ከተማ ሞተ። የተቀበረው ዊንድዘር ነው፤ ኩርዓተ ርእሱን የደበቀው ሆምስ መጻሕፍት ከሚጠብቅበት ቤተ መንግሥት። በ2015 ዓ.ም. አጽሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ እንደገና ሲነሳ፣ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን አጽም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። የአባቱ የተቆረጠ ፀጉር እንኳ በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ወደ አገሩ ተመልሷል። ልጁ አልተመለሰም። ፊቱ በሁላችንም ስልክ ውስጥ አለ፤ አጽሙ ባዕድ አገር ነው።

ይህን ሳስብ ሌላ ፎቶ ይመጣብኛል። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ በሚካኤል በርክ ድምፅና በመሐመድ አሚን ካሜራ ያሳየው ፊልም። የተነሳው ኮረም ነው፤ ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ከዚያ ላይቭ ኤድ መጣ፣ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ነፍስ ተረፈ። ለዚህ ምስጋና ይገባል። ግን የነዚያ ፊቶች ባለቤቶች ስም በፊልሙ ውስጥ የለም። ፊልሙ ግዴታ ነበረው፤ ግዴታው ግን የሚታየው ሰው ሳይሆን የሚያየው ሰው ላይ ነበር። ሰጪው «ሰው ነኝ» ብሎ ራሱን አገኘበት። ታዩት የኛ ሰዎች ግን ፊት ብቻ ሆነው ቀሩ፤ ስም የሌለው ፊት። ዛሬም ውጭ አገር ያለ የወሎ ልጅ ከየት ነህ ሲሉት ከማብራሪያው በፊት የሚደርሰው ያ ፊት ነው።

ባዶ የማይሆነው ሳጥን

አሁን ስለ ሥራዬ ትንሽ ላውራ። አንድ አፕ ስንሠራ መጀመሪያ የምንወስነው የተጠቃሚው ሰንጠረዥ ምን ምን ሳጥን ይኑረው የሚለውን ነው። ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ውሳኔ አለ፤ ባዶ መሆን ይችላል ወይስ አይችልም? ፎቶ ሁልጊዜ ባዶ መሆን ይችላል። ስልክ ቁጥር አይችልም። ይህች ትንሽ ውሳኔ ድርጅቱ ስለ ሰው ያለውን እምነት ትናገራለች፤ ፊትህ ላንተ ነው፣ ስልክህ ለእኛ።

መንግሥትም የራሱ ሰንጠረዥ አለው። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። ፋይዳ ያንን አይጠይቅም፤ ስምህን፣ የትውልድ ቀንህን፣ ፆታህን፣ አድራሻህን ይጠይቅና ፊትህን፣ አሥር ጣትህን፣ የዓይንህን ብሌን ወስዶ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጥሃል። እንደ ኢንጂነር አደንቀዋለሁ፤ የሚለው «አንተ አንድ ሰው ነህ፣ ሁለት አይደለህም» ብቻ ነው። የማን ሰው እንደሆንክ ግን አይነግርህም፤ ሥራውም አይደለም።

የቅሬው መዝገብ ሌላ ነው። በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ ጠርዙ የተጎሳቆለ ደብተር ነው፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ። ስም፣ መዋጮ፣ የቀረበት ቀን፣ ቅጣት። ፎቶ የለም፤ ዳኛው ሁሉንም በፊት ያውቃቸዋል፣ ፎቶ ምን ያደርጋል? በዚያ ሰንጠረዥ ባዶ መሆን የማይችለው ሳጥን «መጣ ወይስ ቀረ» የሚለው ነው። ማንነትህ በዚያ ነው የሚጻፈው። ስትሞት ፊትህን ሳይሆን ሬሳህን የሚሸከሙ ሰዎች ዝርዝር ነው። ቢቢሲ ስም የሌለው ፊት አሳየን፤ ቅሬው ፊት የሌለው ስም ይይዛል።

እንግዲህ ሐሳቤን ልጨርሰው። ምስል ብቻውን ማንነት አይሰጥም። የሚሰጠው ከምስሉ ጀርባ ቆሞ «ታዲያ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ሰው ሲኖር ነው። ኩርዓተ ርእሱ ጠያቂ ነበረው። የዓለማየሁ ፎቶ ጠያቂው ሌላ አገር ነበር፤ ለዚህ ነው ልጁ የማንም ያልሆነው። የኛ ፕሮፋይል ደግሞ ጠያቂ የለውም፤ የሚቆጥረው አለ እንጂ። ላይክ ይቆጠራል፣ እይታ ይቆጠራል። መቁጠርና መጠየቅ አንድ አይደሉም። ጠያቂ የሌለው ምስል ደግሞ ባዶ አይቀመጥም፤ በዚህ በጦርነት ዘመን የተቆጣ ፊት የሚፈልግ ሁሉ ያነሳዋል፣ ያ ሁሉ ወጣት የለጠፈው ቁጣ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ያልፋል።

ቅሬን ግን ቅዱስ ላድርገው አልፈልግም። መዝገቡ የሚከተለው አባወራውን ነው፤ የእናቴ ስም የገባው አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። መዋጮ ያቃተው ድሃ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ባለ እጅ ተብሎ የተናቀ ሰው፣ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ሁልጊዜ በእኩል ዓይን አይታይም። ጠያቂ ያለበት ቦታ ሐሜትም አለ። አንዲት የመንደራችን ልጅ ቲክቶክ ላይ የራሷን ፊት፣ የራሷን ስም ይዛ ስትናገር ሳይ፣ መዝገቡ ያልሰጣትን ቦታ እንደወሰደች ይገባኛል። ለሷ ክቡ ትንሽ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሰፊ ቦታዋ ነው። ስለዚህ «ወደ ቅሬ እንመለስ፣ ስልኩን እንጣል» አልልም። የምለው ይቺን ነው፤ ቦታ የሰጠን ነገር ግዴታም ካልሰጠን ቦታው ኪራይ ነው።

ባለፈው ዓመት እናቴን አዲስ አበባ አመጣኋት። የመካነ ሰላም ቤታችን ተቆለፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ የቅሬው ዳኛ ደወሉልኝ። ደህንነታችንን አንድ በአንድ ጠየቁ፤ እናቴን፣ እህቴን፣ ሥራዬን። ከዚያ «ልጄ፣ የአባትህን ቦታ ምን እናድርገው? ይሰረዝ ወይስ ይያዝ?» አሉኝ። ያለማመንታት «ይያዝልኝ፣ አባባ» አልኩ። የዓመቱን መዋጮ ከነቅጣቱ በዚያው ቀን በቴሌብር ላክሁ። ደስ አለኝ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የአገሬ ሰው ሆንኩ።

በማግስቱ መልሰው ደወሉ።

«ብሩ ደርሶናል፣ ተባረክ» አሉ። «ስምህን ከአባትህ ሥር ጽፌዋለሁ። አንተስ መቼ ትደርሳለህ? ባለፈው ወር ሦስት ሰው ቀበርን፣ ሸካሚ አነሰን።»

የምመልሰው አጣሁ። መንገዱ እስኪከፈት አልኩ። «መንገዱማ እኛም ላይ ተዘግቷል» አሉ፤ አልተቆጡም።

ያን ማታ ፕሮፋይል ፎቶዬን አጠፋሁት። ያን ጊዜ የለጠፍኩት ቴዎድሮስን አልነበረም፤ መነጽር አድርጌ፣ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጬ የተነሳሁት የራሴ ፎቶ ነበር። ቴሌግራም ወዲያው በፎቶው ቦታ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል አስቀመጠልኝ። ይኸው እስካሁን እሷ ናት ያለችው። በመዝገቡ ላይ ደግሞ ከስሜ ፊት ለፊት ያለው ሳጥን አራት ጊዜ «ቀረ» ይላል።